ተራ በተራ ያየነው ከተማ

ሐሙስ ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ሰዓቱን የማስታውሰው ከተቀመጥኩበት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት የሰዓት መሸጫ ስለነበረና ከዚያ ሌላ የማየው ነገር ስላልነበረኝ ነው።

ሰው አገር ነበርኩ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከተማ ልናይና ዕቃ ልንገዛ ለጥቂት ቀን መጥተን፣ ገና ከመድረሳችን እኔ ዕቃ ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ።

አንደኛዋ ጓደኛዬ ባለሱቅ ናት። የሴት ልብስ ትሸጣለች፤ ዕቃ ልታመጣ ስለምትመላለስ ያንን ከተማ እንደ ጓዳዋ ታውቀዋለች። ሁለተኛዋ ሙሽራ ነበረች፤ ከተመለስን በወሩ ሠርጓ ነው። ሦስታችንም በአንድ ሰፈር ነው ያደግነው። እኔን ከልጅነታችን ጀምረው «ቁልፌ» ይሉኛል። ቦርሳቸውንም ምስጢራቸውንም እኔ ዘንድ ነበር የሚያስቀምጡት።

እኔ በአንድ ሆቴል ላውንድሪ ልብስ እተኩሳለሁ። በዚያ ዓመት አባቴን ቀብሬ ነበር። አልጋ ላይ ከዋለ ጀምሮ የማነሣው የማስተኛው እኔ ነበርኩ፤ ወንድሞቼ ትዳር ይዘው ተበትነዋል። ሲሞት ሰው ሁሉ «ተገላገለ» አለ። እኔም የተገላገልኩ መስሏቸው ነበር። ቤቱ ግን ማታ ስገባ አይተነፍስም። በሩን ስከፍት ከውስጥ «ማነው?» የሚለኝ ጠፋ። ለዓመታት ያንን «ማነው?» እየሰማሁ፣ «እኔ ነኝ እንጂ ማን ሊሆን ነው!» ስል የኖርኩ ሴት ነኝ።

«እዚያ ቤት ሻግተሽ ልትቀሪ ነው?» አለችኝ ባለሱቋ። «ተነሽ፣ ከእኛ ጋር ነይ። አየር ትለውጫለሽ።»

ሄድኩ። አየሩ ተለወጠ፤ እኔ ግን ያው ነበርኩ። ገበያ አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ለሰው ይገዛል። ይህ ለባሌ፣ ይህ ለልጄ፣ ይህ ለእናቴ። እኔም አንድ የወንድ ሹራብ አነሣሁ። የአንገቱን ስፌት ሳይ ቆየሁና፣ የምወስድለት ሰው እንደሌለኝ ትዝ ሲለኝ አጥፌ መለስኩት።

«እኔ ዕቃ ልጠብቅ፤ እናንተ ባዶ እጃችሁን ዙሩ» አልኳቸው።

«ኧረ በሞቴ! ብቻሽን?» አለች ሙሽራዋ አንገቴን አቅፋ። ይህን ስትል ግን ፌስታሎቿን እያስረከበችኝ ነበር።

«ቁልፌ፣ ከዚህ እንዳትነቃነቂ!» ብላ ባለሱቋ ከሩቅ ጮኸችብኝ፤ ሁለቱም ሰው መካከል ገብተው ጠፉ።

ያኔ ነው ከወንበሩ ሌላኛው ጫፍ የተቀመጠው ሰው ቀና ያለው። እሱም እንደኔ በሻንጣና በፌስታል ተከቧል። ጉልበቱ ላይ የመጋረጃ ጨርቅ ጥቅል እንደ ሕፃን ታቅፏል።

«ያንቺም ሰዎች ጥለውሽ ሄዱ?» አለኝ፣ በራሴ ቋንቋ።

ደንገጥ አልኩ። «አልጣሉኝም። እኔ ነኝ ልጠብቅ ያልኩት።»

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያልኩት። አሁን ግን ሥራዬ ሆኗል። ዛሬ ጠዋት ሻዬን እንኳ ሳልጨርስ እህቴ፣ ‹ተነሥ፣ ወንበሩን ሰው ይይዝብሃል› አለችኝ።»

ሳቅኩ። የሳቄ ድምፅ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ቤት ቀቢ ነበር። በጥፍሮቹ ጥግ ሳሙና ያላስለቀቀው ነጭ ቀለም ነበረ። ታላቅ እህቱ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር የቤት ዕቃ ልትገዛ ስትመጣ «ሸክም የሚችል ወንድ ያስፈልገናል» ብላ ነው ያመጣችው። እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው እሷ ናት፤ «እታለም» ይላታል።

«እናንተስ ምን ልትገዙ ነው የመጣችሁት?» አለኝ።

«የሠርግ ዕቃ።»

የማን ሠርግ እንደሆነ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።

ሁለታችንም ሰዓቶቹን አየን።

«ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነው ልክ?» አለ።

«ያ ትልቁ ብቻ። ከተቀመጥኩ ጀምሮ ሳያቸው ነው።»

«ባሕሩ ከዚህ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው ይላሉ። ሰው አገር መጥቼ እስካሁን ያየሁት ይህን ወለል ነው።»

«ሂድና እየው። ዕቃህን እኔ እጠብቅልሃለሁ።»

ዓይኑን አጥብቦ አየኝ። «አንቺ ሌባ ብትሆኚስ?»

«ይህን ሁሉ መጋረጃ ተሸክሜ የት እደርሳለሁ?»

«እሱስ እውነት ነው» አለና ጥቅሉን ጎኔ አስደግፎ ሄደ።

ሲመለስ ፊቱ በፀሐይ ቀልቷል። ከመቀመጡ በፊት መናገር ጀመረ። «ከበሩ ስትወጪ በግራ በኩል ረጅም ሰማያዊ ግንብ አለ። የልስኑ ስቱኮ በደንብ ሳይደርቅ ነው የቀቡት፤ ቀለሙን ፀሐይ በልታዋለች። ከሥሩ የድሮው ቢጫ ብቅ ብቅ ብሏል። ያምራል ብልሽ አታምኚኝም…»

«አንተ ሰው! ባሕር ብለህ ሄደህ ግንብ አይተህ መጣህ?»

«ባሕሩንም አይቻለሁ። እሱን ግን ማን ይቀባዋል?» አለ። ከዚያ ወንበሩን መታ መታ አደረገ። «በይ ተነሺ፤ አሁን ያንቺ ተራ ነው።»

ወጣሁ። ሰማያዊው ግንብ እንዳለው ነበር። ቢጫው ብቅ ያለበት ላይ መዳፌን ጫንኩ፤ ይሞቃል። ባሕሩ ዳር ሰው ሁሉ ሁለትና ሦስት ሆኖ ተቀምጧል። አንዲት ሴት ስልኳን ሰጥታኝ እሷን፣ ባሏንና ልጆቿን ፎቶ አነሣኋቸው። አመሰገነችኝና ሄዱ። «አንቺንም ላንሣሽ» ያለኝ አልነበረም፤ ስልኬን አውጥቼ መልሼ ከተትኩት። ውሃው እየመጣ ጫማዬ አጠገብ ይቆማል፣ ይመለሳል። እዚያ የቆምኩት ብቻዬን ነው። ግን ከግማሽ ሰዓት በፊት እሱም እዚሁ ቆሞ ነበር ብዬ ሳስብ፣ ብቻነቱ ትንሽ ቀለለኝ።

«እህስ? ምን አየሽ?» አለኝ ስመለስ።

«አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ነጭ ሸሚዝ በትከሻው ሰቅለውታል። ሸሚዝ በትከሻው አይሰጣም፤ መቆንጠጫው ትከሻው ላይ ጆሮ ያበቅልበታል። በታችኛው ጫፉ ነው የሚሰጣው።»

«በእኔ ስትስቂ ነበር! ባሕር ሄደሽ ሸሚዝ አይተሽ መጣሽ?»

ከዚያ በኋላ እንደዚያ ሆነ። ሐሙስ ከሰዓትም፣ ዓርብ ቀኑን ሙሉም፣ ሰዎቻችን እየመጡ ፌስታል እየጨመሩልን ይሄዳሉ፤ እኛ ተራ በተራ እየወጣን ከተማውን እናያለን። እሱ አሮጌው ማማ ላይ ወጣ፤ ወርዶ ነገረኝ፤ እኔም ወጣሁ። እሱ የዓሣ ገበያውን አየ፤ እኔም አየሁ። «የት ጋ ነው የቆምከው?» እለዋለሁ፤ እሄድና እዚያው ጋ እቆማለሁ። አንድ ከተማ አየን፤ አብረን ግን አንድ እርምጃ አልተራመድንም። ዕቃውን ማን ይጠብቃል?

ዓርብ ከሰዓት ስለ አባቴ ነገርኩት። ስለ በሩም ነገርኩት። ሰው ስለ ሞት ሲነገረው የሚለውን አላለኝም። «አሁንማ ‹ማነው?› የሚልሽ የለ» አለ። እንባዬ መጣ። ፊቴን ወደ ሰዓቶቹ አዞርኩ፤ እሱም እኔን ላለማየት ወደ ሰዓቶቹ ዞረ።

ማታ ሆቴላችን ባለሱቋ አገጬን ይዛ ወደ መብራቱ አዞረችኝ። «እስቲ ልይሽ። ይሄ ዕቃ ጥበቃ የሚሉት ሥራ ፊት ያበራል እንዴ? እኔም ነገ ልጠብቅ!»

«አርፈሽ ተኚ» አልኳት።

ቅዳሜ የመጨረሻ ቀናችን ነበር። ሙሽራዋ ሌሊቱን ሆዷን ሲያማት አድሮ ከአልጋዋ መነሣት አቃታት። ቬሎዋ ደግሞ የሚወሰደው በዚያ ቀን ነው። ቬሎ ሱቁ አግዳሚ ወንበራችን ፊት ለፊት፣ ከሰዓት መሸጫው ቀጥሎ ነበር።

«ቁመታችሁ አንድ፣ ወገባችሁ አንድ። አንቺ ልበሺውና እንየው» አለች ባለሱቋ።

«እኔ? አልለብስም።»

«ለአምስት ደቂቃ ነው እንጂ ልንድርሽ ነው እንዴ? ነይ ባክሽ!»

ዕቃዬን ለእሱ ትቼ ገባሁ። ለበስኩት። ከመልበሻው ወጥቼ ትልቁ መስታወት ፊት ስቆም መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሴት አላወቅኳትም። የሱቁ ልጆች ከኋላዬ መጥተው ዓይነ ርግቡን ራሴ ላይ ጣሉት፤ አጨበጨቡ። ባለሱቋ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። እኔ ሳቅኩ፤ ዞርኩም። ቀሚሱ ወለሉ ላይ ከኋላዬ ዞረ። መስኮቱ በሙሉ መስታወት መሆኑን፣ ከውጭ ሰው እንደሚያየኝ አላሰብኩም።

የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። በዚያ ጠዋት እህቱን ለምኗት ነበር። «እታለም፣ አንድ ሰዓት ብቻ ዕቃውን አንቺ ጠብቂ፤ ከአንዲት ሴት ጋር ባሕሩን ላየው ነው» ብሏት፣ እሷም እያጉረመረመች እሺ ብላ መጥታ ተቀምጣለች። እሱ «ተነሺ እንሂድ» ሊለኝ ወደ ሱቁ ሲመጣ እኔን በነጭ ቀሚስ አየኝ። የሠርግ ዕቃ ልንገዛ መጣን እንዳልኩት ትዝ አለው። በሩ ላይ ቆመ፤ ተመለሰ።

እኔ ልብሴን ቀይሬ ስወጣ ወንበሩ ላይ አንዲት ጠና ያለች ሴት ተቀምጣለች። እሱ ቆሟል።

«አየሁሽ» አለኝ።

ፊቴ ጋለ። «በስመ አብ! ምነው ባልታየሁ!»

«አምሮብሻል። እግዜር ያሳምረው።»

ለጓደኛዬ ሠርግ የመረቀ መሰለኝ። ሰው ሲመርቅ ምን ይባላል?

«አሜን» አልኩት።

አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ፤ በጥድፊያ፣ ከኔ ክምር ከእሱ ክምር ሳይለይ። እኔም ልረዳው ብዬ እጄ የገባውን አቀበልኩት። እህቱ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ዓይኗ የካውያው ጠባሳ ያለበት እጄ ላይ አረፈ።

«ባሕሩስ?» አለችው።

«ይቅር፣ እታለም። ደክሞኛል።»

ስልክ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። ስሜን እንኳ ሳይጠይቀኝ፣ ሸክሙን አንገቱ ድረስ አንጠልጥሎ በተንቀሳቃሹ ደረጃ ወረደ። መጀመሪያ እግሩ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ራሱ ጠፋ። ተነሥቼ መጣራት እችል ነበር። ምን ብዬ ነው የምጣራው? ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የዚያን ቀን ዝምታዬ ግን ውስጤ ነቀዘ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ሁለቱም ጓደኞቼ ተኙ። እኔ በመስኮቱ ደመና ሳይ መጣሁ። ቤቴ ስገባ በሩን ከፍቼ ቆምኩ። ከዚያ ገባሁ።

በማግስቱ ባለሱቋ ደወለች። «ቁልፌ! ጉድ ፈላ! የሙሽራዋ ጫማ የለም። የማን እንደሆነ የማይታወቅ መጋረጃ ግን አለ። አንቺ ጠብቀሽ ዕቃ ከጠፋማ ዓለም ሊያልቅ ነው!»

መጋረጃውን እኔ ቤት ወሰድኩት። አንድ እሑድ ከፈትኩት፤ ከመታጠፉ ብዛት ተጨማዷል። ተኮስኩት፤ መልሼ አጠፍኩት። በሚቀጥለው እሑድም ሌላ ሥራ አልነበረኝም፤ እንደገና ተኮስኩት።

የእሱ ፌስታል ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ባለሱቋ ግን እንደ ማንኛውም ነጋዴ የገዛችውን ሁሉ በማርከር የሱቋን ስም ከነስልኩ ትጽፍበታለች። ጫማው ካርቶን ላይም ጽፋለች። ስለዚህ ሊደውል እንደሚችል አውቃለሁ። ይህ ነው የከፋው፤ እየቻለ አለመደወሉ።

«ስልክ አልተደወለም?» እላታለሁ።

«ስለ ጫማው ነው የምትጠይቂኝ፣ ጫማውን ስለያዘው?» ትለኛለች። መጀመሪያ እየሳቀች ነበር። ኋላ ኋላ መሳቁን ተወች።

ለሠርጉ አንድ ቀን ሲቀረው ደወለ። ያስደወለችው እህቱ ናት። «የሰው ሙሽራ በባዶ እግሯ ልታስወጣ ነው? ግፍ አትፈራም?» ብላ ስትጨቀጭቀው ከርማ ነበር። ለሙሽራዋ ሌላ ጫማ ከገዛንላት ቆይተናል፤ ባለሱቋ ግን ያንን አልነገረችውም። «ኧረ ቶሎ በል! ላውንድሪው ድረስ ሂድና ለቁልፌ ስጣት» ብላ አድራሻዬን ሰጠችው። ለእኔም ምንም አልነገረችኝም።

ቬሎውን እየተኮስኩ ነበር። የታችኛው ንጣፍ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱን እያነሡ ከሥር በእንፋሎት ነው የሚሠራው። ቀና ስል እሱ በር ላይ ቆሟል። ሱሪው ቀለም በቀለም ነው፤ ካርቶኑን በሁለት እጁ ይዟል።

«ሙሽራ ራሷ ልብሷን ትተኩሳለች እንዴ?» አለ።

«ሙሽራዋማ ፀጉሯን ልትሠራ ሄዳለች።»

ቀሚሱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

«የጓደኛዬ ነው» አልኩት። «ነገ ሠርጓ ነው።»

«ያን ቀን ግን የለበስሽው አንቺ ነሽ።»

«እሷ ሆዷን አሟት ነበራ። ቁመታችን አንድ ነው።»

ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀመጠው። መልሶ አነሣው። «እኔ ‹እግዜር ያሳምረው› ብዬሽ…»

«እኔም አሜን ብዬ…»

«ያ አሜንሽ እኮ ነው የገደለኝ!» አለ።

የላውንድሪው ሴቶች ምን እንደሆነ ሳያውቁ ካውያቸውን አቁመው አዩን። እኔ እየሳቅኩ ነው፤ ፊቴ ግን ርሷል፤ እንፋሎቱ ነው ብዬ በክንዴ ጠረግኩት።

«ከሥራ መቼ ነው የምትወጪው?»

«አሥራ አንድ ሰዓት።»

«በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ። ዕቃ አትያዢ» አለኝ።

የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መንገድ ጎን ለጎን ሄድን። የምንሸከመው ስለሌለ ሁለታችንም እጃችንን የምናደርግበት ጠፍቶን ነበር። አስፋልቱን ስንሻገር እጄን ያዘ፤ ከተሻገርን በኋላም አልለቀቀኝም።

እህቱ ነገሩን አልወደደችውም። «በሦስት ዓመት ትበልጥሃለች» አለችው፣ እኔ እየሰማሁ። «አባቷን ስታስታምም ያረጀች ሴት ናት።»

«አንቺስ እታለም፣ እኔን ስታሳድጊ አይደል ያረጀሽው?» አላት።

ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። መጋረጃውን ልመልስላት ስል «ተይው፣ እናንተ ስቀሉት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሌላ ቃል አልጨመረችልኝም።

ተጋባን። ባሌ ወደ አባቴ ቤት ገባ። መጀመሪያ ያደረገው ግድግዳውን ፍቆ እንደገና መቀባት ነው። ማታ ከሥራ ስገባ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ የዋለበትን ቤት፣ የሰዎቹን ጠብ፣ ተሳስተው ያዘዙትን ቀለም ይነግረኛል። እኔም በየሸሚዙ ኪስ ያገኘሁትን እነግረዋለሁ። ሁለታችንም ሌላው ያላየውን አይተን ነው የምንገባው።

በየዓመቱ «ዘንድሮ ያንን ባሕር አብረን እናየዋለን» እንል ነበር። አንድ ዓመት ጣሪያው አፈሰሰ። አንድ ዓመት የእህቱ ጉልበት ታከመ። አንድ ዓመት ትልቅ ሥራ መጣለትና «ይህን ልጨርስ» አለ። ከዚያ ሳል ጀመረው። የቀለሙ ሽታ ነው አልን፤ ሐኪሙ ሳንባው ነው አለ። ሌላ ሰው ማስታመም እችላለሁ፣ ለምጄዋለሁ ብዬ ነበር። አይለመድም። በመጨረሻው ሰሞን «መስኮቱ አጠገብ አስቀምጪኝና ውጪ፤ የሆነ ነገር አይተሽ ነይ» ይለኛል። እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሄጄ እመለሳለሁ። «እህስ?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። አንድ ጠዋት ስመለስ «እህስ?» አላለኝም።

አሁን የሚከብደኝ ማየቱ አይደለም። አይቼ የምነግረው ሰው ማጣቴ ነው። መንገድ ላይ አንድ ነገር አያለሁ፤ ስም ያልወጣለት ቀለም የተቀባ አጥር፣ በትከሻው የተሰጣ ሸሚዝ። ልቤ ለመንገር ይነሣል፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ሁሉ ሲበተን እህቱ አልተነሣችም። ወንበሮቹን እስክመልስ፣ ብርጭቆዎቹን እስካጥብ ተቀምጣ ቆየች።

«መሽቷል፤ ልሸኝሽ?» አልኳት።

«ወዴት?» አለችኝ። «እኔስ ማን አለኝ?»

የአባቴን አልጋ አነጠፍኩላት። ከዚያ ወዲያ አልሄደችም፤ የእሷን ቤት ባለፈው ዓመት አከራየነው።